ድሬዳዋ ላይ 30 ዲግሪን እንዴት ልያዝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነው ያለሁት። የማይክሮባዮሎጂ የመመረቂያ ሥራዬ መሃል መንገድ ላይ ቆሞብኛል። እባካችሁ፣ በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

የማጠናው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሙቀት ሲበዛበት ጂኖቹን እንዴት እንደሚያበራና እንደሚያጠፋ ነው። ከ30 ወደ 42 ዲግሪ ድንገት ሲወጣ፣ ሲግማ 32 የሚባለው ፕሮቲን በደቂቃዎች ውስጥ ይበዛል። ጂን የሚያነበውን ኢንዛይም፣ አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝን፣ ይዞ የሙቀት መከላከያ ጂኖች ላይ ያሳርፈዋል። እኔን በጣም የሚገርመኝ የዚህ ፕሮቲን መልእክተኛ አር ኤን ኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) ነው። ራሱ ቴርሞሜትር ነው! ሲቀዘቅዝ ተጣጥፎ ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞም ያግዳል፣ ሲሞቅ ይፈታል። በኋላ ሻፐሮን የሚባሉት ፕሮቲኖች የተበላሸውን ጠግነው ሥራ ሲቀላቸው፣ ሲግማ 32ን ራሱን ይይዙታል። ምላሹም ይበርዳል።

ችግሬ መነሻው ላይ ነው። ኢንኩቤተራችን (ባክቴሪያ የምናሳድግበት ሳጥን) ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ራሱ 34 ይገባል። ስለዚህ ማነጻጸሪያ ያልኩት ባክቴሪያ ገና ሳልነካው ሞቆ ይጠብቀኛል። መብራት ሲጠፋማ ባይወራ ይሻላል። ሌሊት እንዳልሠራ ደግሞ ላቦራቶሪው ይዘጋል።

ዋተር ባዝ (ሙቀቱ የሚስተካከል የውሃ ገንዳ) ውስጥ በረዶ እየጨመርኩ 30ን መያዝ ያዋጣል? ስንት ሰዓት ሳይዋዥቅ ይቆያል? ወይስ መነሻዬን 37 አድርጌ ወደ 45 ልውሰደው? እንደዚያ ከሆነ ከ30 ወደ 42 ከተሠሩት ውጤቶች ጋር ማነጻጸር እችላለሁ? አማካሪዬ በረዶውን አላመነበትም፣ እኔ ግን መሞከር እፈልጋለሁ። በሞቃት ከተማ የሠራችሁ፣ ምን አደረጋችሁ?