በፖቶማክ ወንዝ የውኃ ሣር ውስጥ ባስ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ምክር እጠይቃለሁ

ይድረስ ልምድ ላላችሁ ዓሣ አጥማጆች፤

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተ ደቡብ፣ በቨርጂኒያ በኩል ካለው የፖቶማክ ዳርቻ ቆሜ ላርጅማውዝ ባስ የሚባለውን አፈ ሰፊ የባስ ዝርያ አጠምዳለሁ። ጀልባ የለኝም። ወንዙ እዚህ የባሕሩን እንቅስቃሴ ስለሚከተል በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሃይድሪላ የሚባለው ሣር ዳርቻውን ይሸፍነዋል፤ ባሱም የሚሸሸገው እዚያው ነው።

የምጠቀመው መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ዘንግ፣ በስፒኒንግ ሪል (ጥቅሉ ሲወረወር በማይሽከረከር የክር መጠቅለያ) እና እስከ 10 ፓውንድ ጉተታ በሚችል ናይለን ክር ሲሆን፣ ሣር እንዳይዝብኝ የመንጠቆውን ጫፍ በላስቲክ ትል ውስጥ እሸሽጋለሁ። ዓሣው ሲነክስ በክሩ ላይ ቀጭን ንዝረት ይሰማኛል፤ ዘንጉን ወደ ላይ ስመዝዘው ግን ናይለኑ ስለሚለጠጥ መንጠቆው ትሉን በስቶ የዓሣውን አፍ አይዝም፤ ቢይዝም ዓሣው ሣር ውስጥ ይጠቀለልና ክሩን ይበጥሰዋል።

የማይለጠጠውን የተጎነጎነ ክር ባለ 30 ፓውንዱን ልግዛ ወይስ ባለ 50ውን? ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ጫፉ ላይ ፍሎሮካርቦን የተባለውን ውኃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር መቀጠል ትርፍ ወጪ ይመስለኛል። ሻጮች ቤይትካስተር ሪል (ሲወረወር ጥቅሉ ራሱ የሚሽከረከር የክር መጠቅለያ) እንድገዛ ይገፋፉኛል፤ ለጀማሪ ክሩ እየተተበተበ የሚያስቸግር መሣሪያ ስለሆነ፣ ዘንጉን ብቻ በጠንካራ ብለውጥ ይበቃኝ እንደሆነ አስረዱኝ። ውኃው ሲጎድል ባሱ ወደ ሣሩ ውጫዊ ጠርዝ ይወጣል ይባላል፤ ያ ጠርዝ ከዳርቻው ርቆ ለማይደርስበት እንደ እኔ ላለ ሰው ሲሞላ መምጣት ይሻላል ወይስ ሲጎድል?