ፍሬው የማይበስል የዱር በለስ፦ ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

አባ ተዳፋት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የበቀሉ ሁለት የዱር በለስ ዛፎች አሉኝ። ቁልቋሉን ማለቴ አይደለም። ቅጠሉ ሻካራ የሆነውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ነው። ማንም አያጠጣቸውም፤ በደረቁ ወራት ግን አይሞቱም። የአንደኛው ፍሬ ሲበስል ወይን ጠጅ ሆኖ ይጠቁራል፣ ይጣፍጣል። የሌላኛው ግን ሳይለሰልስ ይቆይና ደርቆ ይረግፋል። ከፍቼ ሳየው ውስጡ ትንንሽ ነፍሳት አሉ። በሽታ መሰለኝ። ወደ ደህናው ሳይዛመት ቆርጬ ላንሳው? የዛፉን ጥቅም የምታውቁም ንገሩኝ።

የችግኝ እናት፦
ወንድሜ፣ እባክህ መጥረቢያውን አስቀምጥ። ዛፍህ አልታመመም። ወንድ ነው!

እኔ ችግኝ እያሳደግኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ እንዲህ እየተባለ የሚቆረጥ ወንድ በለስ ሳይ አንጀቴ ያራል። የገለጽከው ፊከስ ፓልማታ የሚባለውን ይመስላል። ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ተነስቶ በየመንና በኢራን በኩል እስከ ህንድና ኔፓል፣ ሂማላያ ግርጌ ድረስ የሚበቅል ዛፍ ነው። በጓሮ የሚተከለው በለስ የቅርብ ዘመድ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፒተር ፎርስኮል የተባለ ስዊድናዊ ነበር። እሱ በ1763 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ዛፉን የገለጸበት ሥራው የታተመው በ1775 ነው፤ አላየውም። ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ፍሬ የምንለው ነገር በውስጡ ብዙ ጥቃቅን አበቦች የታጨቁበት ከረጢት ነው። ያየሃቸው ነፍሳት የበለስ ተርቦች ናቸው፣ ርዝመታቸው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የሚፈለፈሉት በወንዱ ዛፍ ፍሬ ውስጥ ነው። እንስቷ ተርብ የአበባ ብናኝ ተሸክማ ትወጣና ሌላ ፍሬ ትፈልጋለች። በፍሬው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ መውጫ የላትም። የገባችው ወንድ ዛፍ ላይ ከሆነ እንቁላሏን ትጥላለች። ሴቷ ዛፍ ላይ ከሆነ ግን የአበቦቹ አንገት ስለሚረዝምባት መጣል አትችልም። ብናኙን አራግፋ እዚያው ትሞታለች። የምትበላው ጣፋጭ ፍሬ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ወንዱን ቆርጠህ በአቅራቢያው ሌላ ወንድ ከሌለ፣ ሴቷም ፍሬዋን በጥሬው ታራግፋለች። ያኔ ሁለቱንም አጣህ ማለት ነው።

ፀረ ተባይም አትርጭባቸው። የሚገድለው ተርቦቹን ነው።

ሻካራ ቅጠል፦
ከላይ የተጻፈው ልክ ነው። እኔ ስለ አበላሉ ልጨምር። የበሰለው ፍሬ ከልጣጩ ሥር ትንሽ ወተት ስለሚቀረው አፍ ይይዛል። ከመብላትህ በፊት ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ይለቀዋል። ብዙ ከበላህ ሆድ ያላላል፣ ስለዚህ ድርቀት ላለበት ሰው ጥሩ ነው። ቶሎ ስለሚፈርስ ለማጓጓዝ አይመችም፤ በለቀምክበት ቀን ብላው። ሂማላያ ግርጌ ያሉ ሰዎች ጥሬውን ፍሬና ለጋውን ቀንበጥ ቀቅለው፣ ውሃውን ጨምቀው፣ ጠብሰው እንደ አትክልት ይበሉታል። ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል። እንጨቱ ግን ለስላሳ ነው፣ ለቤት ምሰሶ አትመኘው።

ነርሷ፦
ስለ ወተቱ አደራ! እሾህ የገባበት ቦታ ላይ ይቀቡታል፣ የቆዳ ኪንታሮት ላይም ያደርጉታል። የበለስ ወተት ግን ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉት። ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ክፋቱ ወዲያው አይታወቅም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው ቀልቶ ውሃ የሚቋጥረው፤ ጥቁረቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሰዎች መነሻውን የማያውቁት ለዚህ ነው። ስትገርዘው ረጅም እጅጌ ልበስ፣ ጓንት አድርግ፣ ከነካህም ወዲያው በሳሙና ታጠብ። ዓይንህን በዚያ እጅ እንዳትነካ። ልጆች ቅርንጫፉን እየሰበሩ እንዳይጫወቱበትም ተቆጣጠር።

አባ ተዳፋት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛፉን አትርፋችሁታል። ጣፋጩን ማባዛት ብፈልግስ? ዘሩን ልዝራ?

የችግኝ እናት፦
ዘር ከዘራህ ወንድ ይሁን ሴት የምታውቀው ፍሬ ሲይዝ ነው፣ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ከሴቷ ቅርንጫፍ ቁረጥ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ የጠነከረ፣ አንድ ስንዝር ገደማ ይሁን። ቅጠሉን አራግፍለት። ወተቱ መፍሰሱን እስኪያቆም ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ከዚያ ቢያንስ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርገህ ትከለው። ጊዜው ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። መጀመሪያው ዓመት ላይ ከፍየል አጥረው፣ ቅጠሉን አይተውለትም። ከቤት ግድግዳና ከውሃ ጉድጓድም አርቀው፣ ሥሩ በስንጥቅ ገብቶ ድንጋይ ይፈለቅቃል። ተዳፋቱ ላይ ግን ይኸው ሥር አፈሩን ይይዝልሃል። ወንድ ተጨማሪ አያስፈልግህም፤ ያለህ አንዱ ለብዙ ሴቶች ይበቃል።