ክሩ ከእናቴ ነጠላ ጫማ ላይ እየተነሳ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። የእናቴን አሮጌ የቆዳ ነጠላ ጫማ በማክራሜ (ክርን በእጅ እየቋጠሩ የሚሠራ ጌጥ) ቋጠሮ አስጊጬ ለፋሲካ ልሰጣት አስቤ ነበር። መጀመሪያ በአንድ ወገን ብቻ ስቋጥር ተጠማዘዘብኝ። አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ሳፈራርቀው ግን ቀጥ አለልኝ።

ያቃተኝ ማጣበቁ ነው። በማስቲሽ ለጠፍኩት፤ ሲደርቅ በጣም አምሮ ነበር። አድርጌው ትንሽ ስራመድ ግን እግር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተነሳ። ክሩ ጥጥ ስለሆነ ጫፉም እየተተረተረ ነው፤ እንደ ናይለን በእሳት አቅልጬ ልዘጋው አልችልም።

በወስፌ እየበሳሁ ልስፋው? ቆዳው ስላረጀ እንዳይቀደድ ፈራሁ። እናቴ ስንት ገበያ የሄደችበት ጫማ ነው፤ ባበላሸው ያንገበግበኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ቀዳዳዎቹን ምን ያህል ላራርቃቸው? ጫፉንስ በምን ልያዘው? እባካችሁ ንገሩኝ።