የላይብረሪው ግሎባል ቫሪያብል በኮሩቲኖች መካከል ይደባለቃል

ጥያቄ
ፓይተን 3.11፣ አሲንክአይኦ (ብዙ ሥራዎችን በአንድ ስሬድ ላይ እያፈራረቀ የሚያሠራው የፓይተን ሞጁል)። ላይብረሪው የተጠቃሚውን መለያ በሞጁል ደረጃ በአንድ ቫሪያብል ይይዛል። ሪኩዌስት አንድ በአንድ ሲመጣ ደህና ነው፤ ሁለት ሲደራረብ ግን የ«ሀ» ሥራ በ«ለ» መለያ ይሠራል። ወደ ስሬዲንግ ሎካል ቢቀየርም ያው ነው። ሎክ (አንዱ ሲጠቀም ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቁልፍ) ይሻላል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ 1
ስሬዲንግ ሎካል የሚለየው ስሬድን ከስሬድ ነው። ኮሩቲኖቹ (መሃል ላይ ቆመው ተራ መልቀቅ የሚችሉ ፈንክሽኖች) ግን ሁሉም በአንድ ኢቨንት ሉፕ (ተራ አስያዡ)፣ በአንድ ስሬድ ላይ ነው የሚሮጡት። «ሀ» መለያውን 7 ብሎ ይጽፍና አዌይት (ውጤት እስኪመጣ መጠበቂያ) ላይ ይቆማል፤ ተራው የደረሰው «ለ» 9 ይጽፋል፤ «ሀ» ሲመለስ 9ን ያነባል።

መፍትሔው ኮንቴክስትቫር ነው፣ ለእያንዳንዱ ታስክ (ሉፑ ለብቻው ለሚያሮጠው ሥራ) የራሱን ዋጋ የሚይዝ ቫሪያብል፤ ከ3.7 ጀምሮ አለ። በሞጁል ደረጃ ፍጠረው፣ ፈንክሽን ውስጥ አይደለም። ሴት ስታደርገው ቶከን (የቀድሞውን ዋጋ መመለሻ) ይሰጥሃል፤ ፋይናሊ ውስጥ በዚያው ቶከን ሪሴት አድርግ። ክሪኤት ታስክ ለእያንዳንዱ ታስክ የኮንቴክስቱን (የነዚህን ቫሪያብሎች ዋጋ ስብስብ) ቅጂ ስለሚሰጥ አንዱ የጻፈው ሌላው ጋ አይደርስም።

መልስ 2
ልክ ነው፣ ግን ቅጂው ላይ ላዩን ነው። ኮንቴክስትቫር ውስጥ ዲክት አስቀምጠህ ውስጡን ከነካካህ ሁሉም ታስክ ያየዋል፣ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስክ ማለት ነው። ሁልጊዜ አዲስ ዲክት ሠርተህ ሴት አድርግ።

ደግሞ ኮሩቲንን በቀጥታ አዌይት ማድረግ አዲስ ኮንቴክስት አይፈጥርም፤ የተጠራው የለወጠው ለጠሪው ይተርፋል። ጋዘር ግን ኮሩቲኖቹን ታስክ ስለሚያደርጋቸው ይለያያሉ። ወደ ሌላ ስሬድ የምትልከው ሥራ ካለ ራን ኢን ኤግዜኪዩተር ኮንቴክስቱን አያሻግርም፣ ከ3.9 የመጣው ቱ ስሬድ ግን ያሻግራል።

ጠያቂ
ገባኝ። የግድ የጋራ የሆነውስ? አክሰስ ቶከኑ (የመግቢያ ፈቃዱ፣ ከሪሴቱ ቶከን የተለየ ነው) ለሁሉም አንድ ነው፣ ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል።

መልስ 1
እሱ የሎክ ሥራ ነው፣ የአሲንክአይኦ ሎክ። ያለዚያ 50 ኮሩቲን ቶከኑ ማለፉን አንድ ላይ ያይና 50 የማደሻ ሪኩዌስት ይልካል። ሎኩን ከያዝክ በኋላ ጊዜውን እንደገና ማየት አትርሳ፤ ካልሆነ 50ውም በሰልፍ ያድሱታል፣ ልዩነቱ ተራ መጠበቃቸው ብቻ።

ስሬዲንግ ሎክ ይዘህ አዌይት እንዳታደርግ። ሁለተኛው ኮሩቲን ሎኩን ሲጠብቅ ስሬዱን ራሱን ያግተዋል፤ ሉፑ ስለቆመ የመጀመሪያው ተመልሶ ሊለቀው አይችልም፣ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ኤረር እዚያው ይደርቃል።

በማንበብና በመጻፍ መካከል አዌይት ከሌለ ደግሞ በአንድ ሉፕ ውስጥ ሎክ አያስፈልግም።