አይቢኤም ኤክስቲ 5160 ሲበራ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። 5160ውን (የድሮውን የአይቢኤም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር) ሳበራው የፓወር ሳፕላዩ ማራገቢያ ትንሽ ነቅነቅ ይልና ይቆማል። ቢፕ የለም፣ ስክሪኑም ጨለማ ነው። ሲጂኤ ካርድ (ባለ ቀለም የቪዲዮ ካርድ)፣ የፍሎፒ ካርድና ሃርድ ዲስክ አለው። ሲጂኤውን በሌላ ብቀይረውም ያው ነው። ችግሩ የካርዱ ነው የሞኒተሩ?

መልስ
የሁለቱም አይመስለኝም። ማራገቢያው ነቅነቅ ብሎ ከቆመ ፓወር ሳፕላዩ ሾርት (የኃይል መስመሩ ከግራውንድ ጋር በቀጥታ መገናኘት) አግኝቶ ራሱን እያጠፋ ነው። በዚህ ዕድሜ ቦርድ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በ12 ቮልት መስመር ላይ ያለ የታንታለም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ አካል) ነው።

የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀል። ከፓወር ሳፕላዩ የሚመጡትን ሁለት ማገናኛዎች፣ ፒ8 እና ፒ9ን፣ ከማዘርቦርዱ አውጣ፤ ካርዶቹ ለጊዜው እንደተሰኩ ይቆዩ። መልቲሜትርህን ኦም ላይ አድርገህ፣ ቦርዱ ላይ ባለው የፒ8 መሰኪያ 3ኛውን ፒን (+12) ከ5ኛው (ግራውንድ) ጋር ለካ። ዜሮ ወይም ጥቂት ኦም ካሳየ ሾርቱ እዚያ ነው። 4ኛውን (−12)፣ ከፒ9 ደግሞ 3ኛውን (−5) እና 4ኛውን (+5) እንዲሁ ፈትሽ። የ5 ቮልቱ መስመር ብዙ ቺፕ ስለሚመግብ ጤነኛ ሆኖም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ አያስደንግጥህ። ከዚያ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ ድገም። አንዱ ሲወጣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ሁሉም ወጥተው ካልተለወጠ ቦርዱ ነው። ሃርድ ዲስኩና ፍሎፒው 12 ቮልት የሚያገኙት በራሳቸው ገመድ ስለሆነ ለብቻቸው ይለኩ።

ሌላ መልስ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ፓወር ሳፕላዩን ባዶውን አብርተህ «ሞቷል» ብለህ እንዳትደመድም፤ ጭነት ከሌለበት አይነሳም። ቢያንስ ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ይሰካበት። የፓወር ሳፕላዩን ሽፋን ግን አትክፈት፤ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ።

ሁለተኛ፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉት ታንታለሞች ሁሉ በትይዩ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሾርት ከሆነ ሁሉም ሾርት ይመስላሉ። መጀመሪያ የተሰነጠቀ ወይም የጠቆረ ካለ በዓይንህ ፈልግ። ካጣህ የአንዱን እግር ብየዳ ፈትተህ አንሳና ለካ፤ ካልሆነ ወደሚቀጥለው እለፍ። ለሙከራ ያህል ቦርዱ አንዱ ቢጎድልም ይሠራል። ስትተካው 10 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት አድርገው፤ የቀድሞዎቹ 16 ቮልት ናቸው፣ ለ12 ቮልት መስመር ጠባብ ነው። ታንታለም ላይ ያለው ምልክት ፕላስ፣ ተራ ኤሌክትሮሊቲክ ላይ ያለው መስመር ግን ማይነስ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፤ ተገልብጦ የተሰካ ታንታለም ይፈነዳል። ባለ ሦስት እግሩ ከሆነ መሃለኛው ፕላስ ነው።

ጠያቂው
12 ቮልቱ 1 ኦም ነበር፤ ስሎቶቹ አጠገብ ያለ አንድ ታንታለም ሳነሳ ተስተካከለ። አሁን ማራገቢያው ይዞራል፣ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ቢፕ ይሰማል። ስክሪኑ ግን አሁንም ባዶ ነው።

መልስ
ግሩም፣ ቦርዱ ነፍስ ዘርቷል። ያ ድምፅ የቪዲዮ ካርዱን አላገኘሁትም ማለት ነው። ፒ8 እና ፒ9 ሲመለሱ ጥቁር ሽቦዎቹ መሃል ላይ ጎን ለጎን መሆናቸውን አረጋግጥና ወደ ካርዱ ሂድ።

ካርዱ የትኛው ስሎት ላይ ነው? ለፓወር ሳፕላዩ የቀረበው 8ኛው ስሎት ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ካርዱ ራሱ መመረጡን የሚያሳውቅ ምልክት ካልሰጠ ቦርዱ አያነበውም። ተራ ሲጂኤ እዚያ ከተሰካ ልክ አንተ እንዳልከው ይሆናል። ወደ ሌላ አዛውረው። የካርዱን የመዳብ ጥርሶች በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ። ቦርዱ ላይ ባለው ዲፕ ስዊች (የትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ረድፍ) ለባለ 80 አምድ ሲጂኤ 5ኛው ኦን፣ 6ኛው ኦፍ ይሁን። ሁለቱም ኦፍ ከሆኑ ማሽኑ የሚፈልገው ኤምዲኤ ካርድ (ባለ አንድ ቀለም፣ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ የቪዲዮ ካርድ) ነው።

ጠያቂው
8ኛው ላይ ነበር! አሁን አንድ አጭር ቢፕ ብቻ ነው። ሞኒተሩ ግን «ከክልል ውጭ» ይላል። በመቀየሪያ ገመድ ከቪጂኤ ሞኒተር ጋር ነው ያገናኘሁት።

መልስ
አንድ አጭር ቢፕ ማለት ፍተሻውን አልፏል፤ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ሲጂኤ የሚልከው 15.7 ኪሎኸርዝ ዲጂታል ምልክት ነው፤ ቪጂኤ ሞኒተር 31.5 ኪሎኸርዝና አናሎግ ይጠብቃል። በመካከል ምልክቱን የሚለውጥ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ገመድ ብቻውን አይበቃም። ለአሁኑ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ክብ የኮምፖዚት መውጫ (ሙሉውን ምስል በአንድ ሽቦ የሚልክ) የኤንቲኤስሲ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ስርዓት) ምልክት ከሚቀበል ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው፤ ቢያንስ ጽሑፉን ታያለህ።

ሌላ መልስ
አይቢኤም 5151 የሚባለውን አረንጓዴ ሞኒተር ግን ከሲጂኤው ጋር እንዳትሰካው። ባለ 9 ፒኑ መሰኪያ አንድ ዓይነት ቢሆንም እሱ የተሠራው ለኤምዲኤ 18.4 ኪሎኸርዝ ነው፤ በሲጂኤ ምልክት ውስጡ ሊቃጠል ይችላል።