ሴት ጀማሪ መሐንዲስ ሳይት ትግባ ወይስ ቢሮ?

መነሻ ጥያቄ፦ ከሰንጋ ተራ እስከ ካዛንቺስ በሚገነቡት ሕንፃዎች ሲቪል ምህንድስና ጨርሳ የምትቀጠር ሴት ብዙ ጊዜ «ላንቺ ቢሮ ይሻልሻል» ትባልና ቴክኦፍ (ከፕላን ላይ የሥራና የዕቃ መጠን ማስላት) እና የክፍያ ሰነድ ይሰጣታል። ይህ ልክ ነው ወይ?

የሳይት መሐንዲስ፦ በፍጹም ልክ አይደለም። ሶሌታ (የፎቁ ወለል) አርማታ ከመሞላቱ በፊት በፌሮዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በመለኪያ ሜትር ለክታ፣ ስፔሰሩ (ፌሮውን ከቅርጹ የሚያርቀው ድጋፍ) የተባለውን 25 ሚሊሜትር የአርማታ ሽፋን መያዙን አይታ መፈረም የምትማረው እዚያው ነው። ትራክ ሚክሰር (አርማታ የሚያመጣው መኪና) ሲደርስ ስላምፕ፣ ማለትም የአርማታውን ቅጥነት የሚለካ ፈተና፣ ታሠራለች፤ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ኮን በ3 ዙር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ዙር 25 ጊዜ በዘንግ ይወጋል፣ ከዚያ ኮኑ ቀጥ ብሎ ይነሳና አርማታው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ለጥንካሬ መፈተሻ የሚወሰደው የአርማታ ኪዩብም 15 በ15 በ15 ሳንቲሜትር ነው፤ በ7 እና በ28 ቀን ይሰበራል። ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው። መኪናው ትራፊክ ይዞት ሲዘገይ አርማታው ይጠጥራል፣ እንዲፈስ ተብሎ ውሃ ይጨመርበታል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። «ውሃ አይጨመርም፣ ይመለስ» ብላ ፎርማንና ሹፌር ፊት መቆም ቢሮ ተቀምጣ አይመጣም።

ኳንቲቲ ሰርቬየር (የሥራ መጠንና ክፍያ አስሊ)፦ ወንድሜ፣ ቢሮውን አታሳንሰው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፎቁ 3 ሜትር ነው፣ የኮለኑ (የምሰሶው) ፌሮ ውፍረት 20 ሚሊሜትር ነው፣ የታችኛውና የላይኛው ፌሮ የሚደራረቡበት ርዝመት የውፍረቱ 50 እጥፍ ቢባል 1 ሜትር ነው። የፎቁን ቁመት ብቻ የቆጠረ ሰው በእያንዳንዱ ዘንግ 1 ሜትር ረሳ ማለት ነው። 20 ኮለን፣ በእያንዳንዱ 8 ዘንግ ካለ 160 ሜትር ይሆናል። በሜትር 2.47 ኪሎ ሲባዛ በአንድ ፎቅ ብቻ 395 ኪሎ ፌሮ! ይህን አጥርታ የምታሰላ ልጅ ድርጅት ታድናለች።

የሳይት መሐንዲስ፦ ምሳሌህ እኔን ነው የሚደግፈው። መደራረቢያውን የሚረሳው እኮ ፌሮ ሲታሰር ያላየ ሰው ነው።

የሱፐርቪዥን መሐንዲስ፦ ሁለታችሁም ስለ ሙያው እንጂ ስለ ሁኔታው አላነሳችሁም፣ እኔ ደግሞ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። መሃል ከተማ ትልልቅ የአርማታ ሙሌት ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ይገፋል፤ ቀን መንገዱ ለከባድ መኪና አይመችም። ሙሌቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢያልቅ በምን ትሄዳለች? ሰርቪስ አለ? ለብቻው የሚቆለፍ መጸዳጃ አለ? 37 ቁጥር የደኅንነት ጫማ ተገዝቷል? በፌሮ መሃል 41 አድርጋ ስትራመድ ትወድቃለች። ከፍታ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም በሰውነቷ ልክ ካልጠበቀ አይዛትም።

ኳንቲቲ ሰርቬየር፦ እህቴ፣ እኔም ቢሮ ይሻላል የምለው ለዚሁ ነው።

የሱፐርቪዥን መሐንዲስ፦ አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። መጸዳጃ የሌለው ሳይት የድርጅቱ ጉድለት ነው፣ እሷ ቦታዋን ልትከፍልበት አይገባም። ሕጉም ሴት ሌሊት አትሠራም አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ የሚከለክለው ነፍሰ ጡርን ነው። ያንን ይዞ ሁሉንም ሴት ቢሮ ማስቀረት ያናድዳል፤ በኋላ የፕሮጀክት መሐንዲስ ሲፈለግ «የሳይት ልምድ የላትም» የሚላት ራሱ ቢሮ ያስቀመጣት ነውና።

ኳንቲቲ ሰርቬየር፦ የመጨረሻውን እቀበላለሁ። ግን ወንዱም ቢሮ ይይ፤ ቴክኦፍ የማያውቅ የሳይት መሐንዲስ ክፍያ ሲጠየቅ ሥራውን በሰነድ ማስረዳት ያቅተዋል።

የሳይት መሐንዲስ፦ በዚህ ተስማማን። እንግዲያው ለወንድም ለሴትም የመጀመሪያው 6 ወር ሳይት፣ ቀጣዩ 6 ወር ቢሮ ይሁን፤ በቅጥር ደብዳቤው ላይም ይጻፍ።

የሱፐርቪዥን መሐንዲስ፦ የማታ ሰርቪሱና ጫማውም አብረው ይጻፉ፣ ኢንጂነር። በቃል የተባለ ሰርቪስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አይመጣም።