ቬኒስ ለምትሄዱ፦ የጀልባ መሥሪያዎቹን የት ማየት ይሻላል?

ቬኒስ ሄዶ ጎንዶላ (የከተማዋ ረጅምና ጠባብ የእንጨት ጀልባ) አጠገብ ፎቶ ሳይነሳ የሚመለስ የለም። ጎንዶላዋ የት ተሠራች፣ ማን ሠራት ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥቆማ ለእነዚያ ጥቂቶች ነው።

ሳላንዛዛ ልናገር። አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ፣ ሁሉም የሚሄድበትን የጀልባ ግቢ ትታችሁ ወደ መቅዘፊያ ሠሪዎቹ ሂዱ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ዝነኛው። ትናንሽ የእንጨት ጀልባዎች የሚሠሩበትና የሚጠገኑበት ግቢ በከተማው ሰው አጠራር ስኩዌሮ ይባላል። ድሮ በየሰፈሩ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱ ስሙ የገነነው ዶርሶዱሮ ሰፈር ያለው ሳን ትሮቫዞ ነው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው አለ። ቦይ ዳር የተራራ አገር የእንጨት ቤት ስታዩ ግር አይበላችሁ። እንጨቱም አናጢዎቹም ከቬኒስ ሰሜን ካሉት የካዶሬ ተራሮች ነበር የሚመጡት፤ ቤቱንም እንዳገራቸው ሠሩት።

ግቢው ሥራ ላይ ስለሆነ ሰተት ብሎ መግባት የለም። ደግነቱ ከቦዩ ማዶ፣ ፎንዳሜንታ ናኒ የሚባለው የቦይ ዳር መንገድ ላይ ስትቆሙ ሁሉም ነገር ፊት ለፊታችሁ ነው፣ ያውም በነጻ። ከውሃው ተጎትተው የወጡት ጎንዶላዎች ተዳፋቱ ላይ ይታያሉ። ውሃ ላይ ሲከርሙ ሆዳቸውን አልጌ ስለሚወርሰው በየጊዜው መፋቅና መቀባት አለባቸው። በሥራ ቀን፣ በተለይ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ለፎቶ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም። ሙያውን ለማወቅ ለሚፈልግ ግን በቦይ ማዶ መመልከት አንጀት አያርስም።

ከዚያ በእግር ብዙም ሳትርቁ ትራሞንቲን የሚባል ሌላ ስኩዌሮ አለላችሁ። ዶሜኒኮ ትራሞንቲን በ1884 እ.ኤ.አ. የከፈተው ሲሆን እስካሁን ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። ቀድማችሁ ቀጠሮ ከያዛችሁ ያስጎበኛሉ። ድንገት ሄዶ በር ማንኳኳት ግን አያዋጣም፤ ሰዎቹ ሥራ አላቸው። እኔ ከሳን ትሮቫዞ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ፤ ጎንዶላ ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነች የሚገባችሁ አጠገቧ ስትቆሙ ነውና።

ርዝመቷ 11 ሜትር ገደማ ነው። ከስምንት ዓይነት እንጨት በተዘጋጁ 280 ያህል ቁርጥራጮች ትገጣጠማለች፤ ኦክ፣ ኤልም፣ ቼሪ፣ ዋልነት፣ ማሆጋኒ እያለ ይቀጥላል። የጎኗ ሳንቃ የሚጎብጠው በእሳትና በውሃ ነው፤ በአንድ ወገን እያሞቁ በሌላው እያራሱ። አሁን ከኋላዋ ቁሙና አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እዩዋት። ጠማማ ናት! ግራ ጎኗ ከቀኙ በ24 ሴንቲሜትር ይሰፋል። አናጢው ተሳስቶ አይደለም። ቀዛፊው አንድ ነው፣ መቅዘፊያውም አንድ፣ የሚቀዝፈውም በቀኝ በኩል ብቻ። ጀልባዋ እኩል ብትሆን ኖሮ ወደ ግራ እየታጠፈች አንድ ቦታ ትዞር ነበር። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ጠማማ ተደርጋ የምትሠራው። የቀዛፊው ክብደት ሳይቀር ታስቦበት፣ እንደ ሙሉ ልብስ በልክ የተሰፋች ናት።

እንግዲህ ወደ መቅዘፊያ ሠሪዎቹ። ሬመር ይባላሉ። መቅዘፊያውን ብቻ ሳይሆን መቅዘፊያው የሚደገፍበትን ፎርኮላ የሚባለውን እንጨትም የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ፎርኮላ ከአንድ የዋልነት ግንድ ቁራጭ ተጠርቦ ይወጣል፤ እንጨቱም ለዓመታት የደረቀ መሆን አለበት። ሲታይ ቅርጻ ቅርጽ ይመስላል፤ ለጌጥ ተብሎ የተጠረበ አንድም ቦታ ግን የለውም። እዚህ ጋ ያለው ጉድጓድ ወደፊት ለመሄድ፣ ያኛው ጥምዝ ወደኋላ ለመመለስ፣ ሌላው ለመዞር፣ ሌላው ለማቆም። ቀዛፊው መቅዘፊያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል፣ ጀልባዋ ማርሽ ትቀይራለች። ጠርዙን በጣታችሁ ብትዳስሱት የት ጋ መሮው እንደጠለቀ፣ የት ጋ ለስላሳ እንደተደረገ ይታወቃችኋል።

ሳሉቴ ቤተክርስቲያን አቅራቢያ ሌ ፎርኮሌ የሚባለው የሳቬሪዮ ፓስተር ቤት አለ። ካናሬጆ ሰፈር ደግሞ ኢል ፎርኮላዮ ማቶ፣ ማለትም እብዱ ፎርኮላ ሠሪ፤ ስሙን ያወጣው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ አትደንግጡ። ሁለቱም ሱቅ ብቻ ሳይሆኑ የሚሠራባቸው ቤቶች ናቸው። እንጨቱ፣ መላጊያው፣ ፍቅፋቂው ሁሉ ዓይናችሁ ሥር ነው። የመጀመሪያ ምርጫዬ ያደረግኳቸውም ለዚሁ ነው። መሀል ላይ ያረፋችሁ ወደ ፓስተር ሂዱ፤ ለባቡር ጣቢያው የቀረባችሁ ወደ ካናሬጆ። ፎርኮላ ገዝተው ሳሎናቸው ውስጥ የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ዋጋው የማስታወሻ ዕቃ ዋጋ አይደለም፤ ግን በየመንገዱ ከሚሸጠው ፕላስቲክ ጎንዶላ አስሩን ከመሸከም ገንዘብ አጠራቅሞ አንድ ትንሽ የእጅ ሥራ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

እዚያው ካናሬጆ ውስጥ አርዛና የሚባል ማኅበር አለ። በጥንታዊው ካዛል ስኩዌሮ ውስጥ ከተማዋን የከበበውን የባሕር ሐይቅ (ላጉን) አሮጌ ጀልባዎች ሰብስቦ ይጠብቃል። የቬኒስ ጀልባ ጎንዶላ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ሳንዶሎ፣ ቶፖ፣ ማስካሬታ የሚባሉ ጀልባዎች እንዳሉ ይወቁ። በቀጠሮ ነው የሚከፈተው፤ የጀልባ ፍቅር ለሌለው ሰው አልመክረውም፣ ይሰለቻል።

ማየቱ የማይበቃው ካለ ሮው ቬኒስ የሚባል ማኅበር አለ። ሴት ቀዛፊዎች የመሠረቱት ሲሆን ቆሞ መቅዘፍን ያስተምራሉ። ፎርኮላው ለምን እንደዚያ እንደተጠረበ ክንዳችሁ ቶሎ ይረዳዋል።

የጎንዶላ ሽርሽርስ? ማዘጋጃ ቤቱ ያወጣው ታሪፍ ቀን ቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው፣ ለጀልባዋ እንጂ ለሰው አይደለም። ተሰብስባችሁ ካልሆነ ይጎዳል። ርካሽ የምትፈልጉ ከሆነ ትራጌቶ ያዙ፤ ሁለት ቀዛፊዎች ትልቁን ቦይ የሚያሻግሩበት ሰፋ ያለ ጎንዶላ ነው። ለእንግዳ 2 ዩሮ ያስከፍላሉ። ሪያልቶ ገበያ አጠገብ ወደ ሳንታ ሶፊያ የሚያሻግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው። ሳንቲም ያዙ፣ ለቀዛፊው በእጁ ነው የሚሰጠው።